ፊደሉን በቃሉ ስለያዘው ልጅ፦ ለጀማሪ መምህራን

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ መምህርት ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አለኝ። የፊደል ገበታውን ከሀ ጀምሮ ሲጠራ አንድም አይስት። ከመሃል ነጥዬ ሳሳየው ግን ይጠፋበታል። ሰነፍ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው?»

እንዲህ ያለ ልጅ አስተምሬአለሁ። በ1985 ዓ.ም. ነው፣ ወሎ ውስጥ፣ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ክፍል። ከብት ሲጠብቅ ያደገ፣ የገበያ ሒሳብ በአፉ የሚያሰላ፣ በእንቆቅልሽ የማይረታ ልጅ ነበር። መጽሐፉንም ገልጦ ጥርት አድርጎ ያነባል። አንድ ቀን ሥዕሉን በመዳፌ ብሸፍንበት ዝም አለ። ለካ ታሪኩን የሚያወራው ሥዕሉን እያየ ኖሯል። ተጠግቼ ሳየው ባ እና ቦ ይምታቱበታል። አይፈረድበትም፤ የባ ግራ እግሩ አጭር ነው፣ የቦ ደግሞ ቀኙ፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ቡ እና ቢም ያው ናቸው፤ ጭረቷ ከወገብ ናት ወይስ ከእግር? አፈር ላይ በጣቱ እየጻፈ፣ ድምፁን እያወጣ ስንለማመድ ግን ቀስ በቀስ ይይዝ ጀመር።

ፈተናው በጽሑፍ ብቻ ስለነበር ወደቀ። በቃል ይፈተንልኝ ብዬ ርዕሰ መምህሩን ብለምን «ደንብ የለም» ተባልኩ። ደረጃው በሰልፍ ላይ፣ ወላጅ ባለበት ተነበበ። አባቱ «ለእርሻው ይሻለኛል» ብሎ ይዞት ሄደ። መስከረም ላይ ስሙን ብጠራ አቤት የሚል የለም። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

የኔታ ዘንድ ስንማር ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ነበር፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ተራውን የሚያፈርስ። በዜማ ብቻ የያዘው ፊደሉን ከለየው የሚለየው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ይህን የሚያስታውስ ትምህርት ቤት ብዙም አላይም። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል የመጣው ነፃ ዝውውር፣ ማለትም ማንም ሳይወድቅ ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚያልፍበት አሠራር፣ ልጅን ከውርደት አድኗል፤ ግን ፊደል ያልለየው ልጅ ማንም ሳያውቅበት አራተኛ ክፍል ይደርሳል።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ስልካችሁ ላይ አንድ ቪዲዮ አይታችሁ «ዲስሌክሲያ ነው»፣ ማለትም አእምሮው ሳያንስ ማንበብና መጻፍ የሚከብደው ልጅ ነው፣ ለማለት ትቸኩላላችሁ። ስም አታውጡለት። በቅድሚያ ዓይኑና ጆሮው ይመርመር። እንዲያም ሆኖ ስሙ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ «ልጄ ደደብ ነው» ብላ ስታለቅስ የነበረች እናት፣ ችግሩ ከአእምሮ ማነስ አለመሆኑን ስትሰማ ፊቷ ሲፈካ አይቻለሁ።

ሳታዘጋጁት በልጆች ፊት ጮክ ብለህ አንብብ አትበሉት። የአካባቢ ሳይንስ ፈተና ሲሆን ጥያቄውን አንብቡለት፣ በአፉ ይመልስ፤ የምትፈትኑት ሳይንሱን ነውና። ሰኔ ላይም የትኞቹን ፊደላት እንደለየ፣ የትኞቹ እንደሚምታቱበት ጽፋችሁ ለሚረከበው መምህር በእጁ ስጡት።