የስፖርት ጥያቄና መልስ፦ ኡጋንዳ ዚምባብዌን እንዴት አስቀረቻት?

ጥያቄ፦ እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ። ክሪኬት ብዙም አላውቅም። ግን በ2024ቱ የቲ20 (አጭሩ የክሪኬት ዓይነት) ዓለም ዋንጫ ኡጋንዳ ተሳትፋ ዚምባብዌ እንዳልነበረች ስሰማ ገረመኝ። ዚምባብዌ የታወቀች የክሪኬት አገር አይደለችም እንዴ? ዕድል ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

መልስ፦ እንኳን ጠየቁኝ! ይህን ታሪክ ለመናገር ሰበብ ስፈልግ ነው የቆየሁት።

አዎ፣ ዚምባብዌ ትልቅ ስም አላት። አምስት ቀን የሚፈጀውን ቴስት የሚባለውን ክሪኬት ከ1992 ጀምሮ ትጫወታለች። በኖቬምበር 2023 ግን የአፍሪካ ማጣሪያ ናሚቢያ ውስጥ ዊንድሆክ ላይ ሲካሄድ ስም አላዋጣትም። ናሚቢያ፣ ዚምባብዌ፣ ኡጋንዳ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ናይጄሪያና ሩዋንዳ ነበሩ። ሁሉም ከሁሉም ይጫወታሉ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ስድስት ጨዋታ ይደርሰዋል። ማሸነፍ 2 ነጥብ ያሰጣል። የሚያልፉት ሁለት ብቻ ናቸው።

አስቡት። በስድስት ጨዋታ ውስጥ አንዴ ከተሸነፉ ምናልባት ይተርፋሉ። ሁለቴ ከተሸነፉ ግን ዕጣዎ በሌሎች እጅ ነው። ዚምባብዌ መጀመሪያ በናሚቢያ ተረታች። ከዚያ ኖቬምበር 26 ከኡጋንዳ ጋር ተገናኘች።

ቀኑ እሁድ ነበር። እኔ ውጤቱን ኳስ በኳስ በስልኬ እየተከታተልኩ ነበር፤ ሻይዬ እንደቀዘቀዘ ያወቅኩት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። ዚምባብዌ ቀድማ መትታ 136 ራን አስመዘገበች፤ ራን በእግር ኳስ ጎል እንደማለት ነው። ከዚያ ውስጥ 48ቱ የአንድ ሰው ናቸው፣ የሲካንዳር ራዛ። ይህ በቲ20 ትልቅ ውጤት አይደለም፣ ግን ትንሽም አይባልም። ኡጋንዳ ስትመታ አልፔሽ ራምጃኒ 40፣ ሪያዛት አሊ ሻህ ደግሞ በ28 ኳስ 42 አመጡ። የዚምባብዌን 136 አልፈው ጨዋታው አምስት ኳስ ሲቀር አለቀ። ኡጋንዳ አሸነፈች።

ይህ ዕድል ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ኡጋንዳ ከስድስቱ የተሸነፈችው በናሚቢያ ብቻ ነው። የመጨረሻዋን ጨዋታ ሩዋንዳን በ65 ራን አስወጥታ (መቺዎቿን ከጨዋታ አስወግዳ)፣ ከራሷ አንድ መቺ ብቻ ወጥቶባት፣ ማለትም በዘጠኝ ዊኬት ረታች። ናሚቢያ 12፣ ኡጋንዳ 10፣ ዚምባብዌ 8። አንድ ቀን የቀናው ቡድን 10 ነጥብ አይሰበስብም።

ጥያቄ፦ ውጤቱን ሳይ «138/5፣ 19.1 ኦቨር» ይላል። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ይቺን ካወቁ ግማሹን አወቁ ማለት ነው። 138 ያገኙት ራን ነው። ራን የሚገኘው መቺዎቹ ኳሷ እስክትመለስ ከጫፍ ጫፍ ሲሮጡ፣ ወይም ኳሷ ከሜዳው ዳር ስታልፍ ነው፤ መሬት ነክታ ከወጣች 4፣ ሳትነካ ካለፈች 6። 5 ደግሞ የወጡባቸው መቺዎች ቁጥር ነው። አሥር ከወጡ ተራው አበቃ።

19.1 ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሥርዮሽ አይደለም። አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው፣ ቲ20 ላይ ለአንድ ቡድን 20 ኦቨር ይሰጠዋል። ስለዚህ 19.1 ማለት 19 ኦቨር ከአንድ ኳስ ነው። አምስት ኳስ ሲቀር ያልኩትም ከዚህ ተነስቼ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ቡድን በ7 ራን ብቻ እንደወጣ አንብቤያለሁ። እንዲህ ያሉትን ወደ ውድድር መላክ እነሱን ማዋረድ አይሆንም?

መልስ፦ ያነበቡት ስለ አይቮሪ ኮስት ነው። በኖቬምበር 2024 ሌጎስ ላይ ናይጄሪያ 271 አስመዝግባ እነሱ በ7 ወጡ። ከመካከላቸው ትልቁን ያመጣው ሰው 4 ራን ነው ያገኘው። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ደግሞ ናይሮቢ ላይ ዚምባብዌ በጋምቢያ ላይ 344 ቆልላ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች በመዝገብ የሚታዩት ከ2019 ጀምሮ የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት አባል አገሮች ሁሉ እርስ በርስ የሚያደርጉት የቲ20 ጨዋታ ይፋዊ ስለሆነ ነው። ድሮም እንዲህ ያለ ሽንፈት ነበር፤ የሚቆጥረው አልነበረም እንጂ።

ስለ ውርደቱ ግን አልስማማም። አይቮሪ ኮስት በዚያ ደረጃ ስትጫወት ያ የመጀመሪያ ውድድሯ ነው። ጀማሪ በምን ይማራል? ሩዋንዳን ይመልከቱ። ኪጋሊ አጠገብ ጋሃንጋ ላይ በ2017 ደህና ሜዳ ተከፈተ። በ2023 መጀመሪያ ላይ ከ19 ዓመት በታች የሩዋንዳ ልጃገረዶች በዓለም ዋንጫ ዚምባብዌንም፣ የካሪቢያን አገሮች ጥምር ቡድን የሆነውን ዌስት ኢንዲስንም አሸነፉ። ዌስት ኢንዲስን! እነዚያን ልጆች ተዉት፣ አትችሉም ብሎ ያስቀራቸው ሰው ቢኖር ኖሮስ?

ኡጋንዳም ብትሆን በ2024ቱ የዓለም ዋንጫ በዌስት ኢንዲስ በ39 ወጥታለች። ከሦስት ቀን በፊት ግን፣ እዚያው ጋያና ፕሮቪደንስ ሜዳ ላይ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒን አሸንፋ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ድሏን አግኝታ ነበር። የዚያን ዕለት ኳስ ከወረወሩት አንዱ ፍራንክ ንሱቡጋ ነው። 43 ዓመቱ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ባሉ ትናንሽ ውድድሮች፣ ብዙ ተመልካች በሌለበት ሜዳ ሲወረውር የኖረ ሰው ነው።

ውጤት ማንበብ ስለተማሩ የእሱን ልስጥዎት፦ 4-2-4-2። አራት ኦቨር ወረወረ፣ በሁለቱ አንድም ራን አልሰጠም፣ በጠቅላላው 4 ራን ሰጠ፣ ሁለት ሰው አስወጣ። ሃያ አራት ኳስ፣ አራት ራን ብቻ።