መልስ፦ ሙቀት ቦታ ላይ ያለ ኤሲ የሚኖሩበት ቤት ይሠራል ወይ?

ኤሲ ሳልገጥም ቤቱን ማቀዝቀዝ እችላለሁ ወይ ብለሃል። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ብዙ ያስኬድሃል። ግን መጀመሪያ ሙቀቱ ደረቅ ነው ወይስ ወበቅ? መልሱ እዚህ ላይ ይለያያል።

ደረቅ ሆኖ ሌሊቱ ቀዝቀዝ የሚል ከሆነ ወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ጡብ ግድግዳ አሪፍ ነው፤ ቀን ሙቀቱን ይዞ ያቆይልሃል፣ ማታ መስኮት ከፍተህ ታስወጣዋለህ። ወበቅ ከሆነ ግን ያው ግድግዳ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ምድጃ ይጠብስሃል። እዚያ የሚያዋጣው ቀለል ያለ ግድግዳና ነፋስ የሚያሳልፉ ትይዩ መስኮቶች ናቸው።

አቅጣጫ ላይ አትደራደር። ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር። የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ በረንዳም ብዙ አያግዳትም፤ በምዕራብ በኩል ዕቃ ቤትና መታጠቢያ አድርግ። ያ ዘመናዊ የሚሉት ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወትስ? እኔ ብሆን እተወዋለሁ። መጋረጃ ብትዘጋም ሙቀቱ አንዴ ገብቷል፣ ጥላው ከውጭ ነው መሆን ያለበት።

ጣሪያውን ነጭ አድርገው፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃልም አየር ይተላለፍ። ብር ካጠረህ ከሴራሚኩ ቀንሰህ እዚህ ላይ አውለው።