የሱቆቹ ኪራይ የት ነው የሚገባው?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «አባታችን ካረፉ 3 ዓመት ሆናቸው። አራት ልጆች ነን። ፍርድ ቤት የውርስ አጣሪ አድርጎ ከሾመኝ 2 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቪላ ቤትና 3 የሚከራዩ ሱቆች አሉ። ታናሽ ወንድሜ ቪላው ውስጥ ይኖራል፣ አልወጣም ብሏል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ይሸጥ ትላለች። ሌላው ወንድሜ የኪራይ ድርሻዬን በየወሩ ስጪኝ እያለ ይጨቀጭቀኛል። እናታችን ፊት ተሰብስበን ብንነጋገርም ተጣልተን ተለያየን። ፍርድ ቤቱን ምን ላድርግ ብዬ መጠየቅ እችላለሁ? ወይስ ራሴ ልወስን?»

እህቴ፣ መጠየቅ ትችያለሽ። መጠየቅም አለብሽ። በተሾምሽበት መዝገብ አቤቱታ አስገቢና ትእዛዝ ይሰጥልኝ በይ። አጣሪ ማለት ዳኛ ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 944 የሚለው ወራሾቹን ለይ፣ ንብረቱን እወቅ፣ የሚሰበሰበውን ሰብስብ፣ ዕዳ ክፈል ነው። ቤቱን ያለ ሁሉም ወራሾች ስምምነት ወይም ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዳትሸጪ። እህትሽም ውክልና እልካለሁ ካለች፣ ለመሸጥ የሚሆነው ሽያጭን ለይቶ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ነው (ቁጥር 2205)። አጠቃላይ ውክልና ለአስተዳደር እንጂ ለሽያጭ አይበቃም።

አሁን ወዳልጻፍሽልኝ ልምጣ። ሱቆቹ ይከራያሉ ብለሻል፣ ኪራዩ የት እንደሚገባ ግን አንድ ቃል የለም። እንደምገምተው በራስሽ አካውንት ነው የሚገባው፣ ከደሞዝሽ ጋር ተቀላቅሎ።

ልቆጣሽ አይደለም፣ ግን ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ቢሮዬ የሚመጡ አጣሪዎች አብዛኞቹ የማንንም ገንዘብ አልበሉም። ጣሪያ አስጠግነዋል፣ የኪራይ ግብር ከፍለዋል፣ ለእናታቸው መድኃኒት ገዝተዋል፣ ለተዝካር አውጥተዋል። ደረሰኝ ግን የላቸውም፣ «ቤተሰብ አይደለን እንዴ» ብለው ትተውታል። ከዚያ አንድ ቀን ወንድም ተነስቶ የ24 ወር ኪራይ አስረክቢ ሲል የባንኩ ወረቀት ገንዘቡ መግባቱን ያሳያል፣ ለምን እንደወጣ ግን አያሳይም። ያን ጊዜ ማስረዳት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ካልቻልሽ ከኪስሽ ትከፍያለሽ፣ ወይም ከድርሻሽ ይቀነሳል። ከገንዘቡ በላይ የሚያመው ደግሞ ለቤተሰቡ ስትለፊ ኖረሽ በወንድሞችሽ ፊት ሌባ መባሉ ነው።

ለሚጨቀጭቅሽ ወንድምሽም ዝም ለማሰኘት ብለሽ ትንሽ ትንሽ ሰጥተሽው ይሆን? ከሰጠሽ ጻፊው፣ ለማስፈረምም አትፍሪ፣ አስፈርሚው። ዕዳው ሳይጣራ ለአንዱ የተከፈለ ገንዘብ ነገ አበዳሪ ሲመጣ ወይም ሌሎቹ እኛስ ሲሉ አንቺን ነው የሚያስጠይቀው።

ስለዚህ አቤቱታሽ ላይ ኪራዩ ለውርሱ ብቻ በተለየ አካውንት እንዲገባ፣ ከዚያ ምን ምን እንደሚከፈል፣ ማጣራቱ ሳያልቅ ለወራሾች ይከፋፈል ወይስ ይቆይ እንደሆነ፣ ቪላው ውስጥ ያለው ወንድምሽ ኪራይ ይታሰብበት እንደሆነ ትእዛዝ ጠይቂ። ችሎቱ አንዳንዱን «ይህ ራሱን ችሎ በክስ የሚቀርብ ነው» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። አትደንግጪ፣ ጠይቀሽ መመለስሽ ራሱ መዝገቡ ላይ ይቀመጥልሻል።

ሌላም አለ። «እናታችን ፊት» ብለሻል፣ እናታችሁ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ታዲያ ሒሳቡን ለአራት ልጆች ብቻ ለምን አደረግሽው? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 63 መሠረት የባልና ሚስት ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። ካርታው በአባታችሁ ስም መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ንብረቱ የጋራ ከሆነ ግማሹ የእሳቸው ነው፣ በውርስ ሳይሆን በባለቤትነት። እናንተ የምትካፈሉት ቀሪውን ግማሽ ነው። እሳቸውን እንደ ሽማግሌ አስቀምጣችሁ ስትጨቃጨቁ ዋናዋን ባለመብት ረስታችኋል። የሱቆቹ ኪራይም ከዚህ አይለይም። ለፍርድ ቤቱ ሪፖርት አቅርበሽ ከሆነና ይህ ካልተካተተ ዛሬውኑ ለጠበቃ አሳይው።

ንብረቱ መቼ እንደተገኘ፣ ጋብቻው መቼ እንደተፈጸመ፣ ኑዛዜ ይኑር አይኑር ስላላየሁ ከዚህ በላይ በርግጠኝነት መናገር አልችልም። በዚህ ጽሑፍ ብቻ ተማምነሽ ምንም እንዳትፈርሚ። መጀመሪያ ባንክ ሂጂና ከተሾምሽበት ቀን ጀምሮ ያለውን የሒሳብ መግለጫ አውጪ። እሱን፣ የሹመት ትእዛዙን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ ካርታውን፣ የሱቆቹን ውልና ያገኘሽውን ደረሰኝ ሁሉ ይዘሽ ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት ጠበቃ ጋ ቅረቢ። ደረሰኝ ለጠፋብሽ ወጪ ደግሞ ገንዘቡን ለተቀበሉት፣ ለጣሪያ ሠራተኛውም ሆነ ለባለ ፋርማሲው፣ ሳይረሱሽ ዛሬ ደውይላቸው።