ተዳፋት ላይ ሴፕቲክ ታንክ፣ የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ እና የዳቦ ቤት ጭስ፦ ከደሴ የተሰጠ መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። የእህታችን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። በደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ባለ 200 ካሬ ሜትር ቦታ ቤት ሊሠሩ ነው፤ ከታች ያለው ጎረቤት በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ አለው፤ በጎን ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ በእንጨት የሚጋግር ዳቦ ቤት ተከፍቶ ጭሱ አላስቀምጥ ብሏቸዋል። የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ የሚያጠራቅመው ሴፕቲክ ታንክ የት ይሁን፣ ጭሱንስ ለማን ልክሰስ ብለዋል። በደሴም በኮምቦልቻም በግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ሥራ ላይ ለዓመታት ስለ ቆየሁ የማውቀውን ላስፍር።

ከሁሉ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደው ቦታዎ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ በምን አገልግሎት እንደ ተመደበ ይጠይቁ። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መሬት ለምን እንደሚውል የሚወስነው ፕላኑ እንጂ በእጅዎ ያለው ካርታ ብቻውን አይደለም። የመኖሪያ ነው ወይስ ቅይጥ፣ ለወንዝ ዳርቻ ወይም ለገደላማ ቦታ ጥበቃ የተተወ መሬት ይነካዋል ወይስ አይነካውም የሚለው መልስ ለፍሳሹም ለዳቦ ቤቱም ጉዳይ መነሻ ስለሚሆን በጽሑፍ ቢያገኙት ይሻላል።

ወደ ፍሳሹ ልምጣ። ሴፕቲክ ታንክ ደለሉን አስቀርቶ ውሃውን ያሳልፋል እንጂ ውሃውን አያጠራም። ከታንኩ የሚወጣው ፈሳሽ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን እንደ ያዘ ስለሆነ፣ የሚያጣራው ይህ ፈሳሽ ወደ መሬት በሚሰርግበት በማስረጊያው ጉድጓድ ዙሪያ ያለው አፈር ነው። ስለዚህ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ ማስረጊያው ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ይጠይቃል። ይህ ግን አፈር ላለበት ቦታ የወጣ ልክ ነው። የደሴ ተራሮች የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ስለሆኑ ፍሳሽ በስንጥቁ ውስጥ ሳይጣራ ሩቅ ይሄዳል።

መሬቱን መፈተን ከባድ አይደለም። ማስረጊያው በታሰበበት ጥልቀት አንድ ጠባብ ጉድጓድ አስቆፍረው ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፤ በማግስቱ እንደ ገና ሞልተው በየግማሽ ሰዓቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ወረደ ይለኩ። ዋልካ ከሆነ ውሃው አይንቀሳቀስም፤ ማስረጊያው በመጀመሪያው ክረምት ሞልቶ ይገነፍላል ማለት ነው። ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ድራሹ ሲጠፋ ብዙ ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም ስንጥቅ አግኝቶ የሄደ ውሃ የሚወጣው ከታች ካለው ሰው ቤት ነው። በአንድ ግቢ በጥር ወር ሣሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ የድጋፍ ግንቡ መሐል ላይ አንድ ክንድ ያህል ስፋት ያለው አረንጓዴ፣ እርጥብ ሰንበር አይቻለሁ። ድንጋዮቹ ወደ ውጭ አብጠዋል፤ ጠጋ ሲሉ ሽታው ይታወቃል። ምንጩ በቀጥታ ከበላዩ ያለው ቤት ማስረጊያ ነበር። በተዳፋት ላይ ማስረጊያ ውሃን ከመበከል አልፎ መሬቱን አርሶ እንደሚያንሸራትት ስለማውቅ፣ ከድጋፍ ግንብ አናት አጠገብ እንዳይቆፍሩ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

በ200 ካሬ ሜትር ውስጥ ርቀቱ አልሞላ ካለ ያለው መንገድ ውሃ የማያስተላልፍ፣ በደንብ የተለሰነ ታንክ ሠርቶ በየጊዜው ማስመጠጥ ነው። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም የጎረቤት ልጆች የሚጠጡት ውሃ ነው። ታንኩንም መኪናው ቆሞ ቱቦው ሊደርስበት በሚችል በመንገዱ በኩል ያድርጉት፣ የእኛ ሰፈር መንገድ ጠባብና ደረጃ የበዛበት ነውና። የጣራ ውሃ ወደ ታንኩ አይግባ፤ ደለሉን እያጠበ ያስወጣዋል። ትርፉን በሌሊት ወደ መንገድ ዳር ቦይ መልቀቅም በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የተከለከለ ነው። የደሴ ቦይ መድረሻው ቦርከና ወንዝ ነው፤ ቦርከና ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚያመጡትን ለዮሌና ወርቃ የተባሉ ወንዞች ጨምሮ አትክልት ወደሚለማበትና ከብት ወደሚጠጣበት ሜዳ ይወርዳል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ፈቃድ ስለማያስፈልግ፣ የጎረቤትዎ ጉድጓድ በየትኛውም መዝገብ ላይኖር ይችላል። ፈቃድ ሰጪው ባለሙያ ካልነገሩት አያውቀውም። በሳይት ፕላንዎ (በግቢዎ አቀማመጥ ሥዕል) ላይ ጉድጓዱን ከነርቀቱ ያስስሉት።

ስለ ጭሱ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለ ይዞታ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ልኩ ሲመዘን ግን የአካባቢው ልማድና የቦታው አቀማመጥ ይታያል። ስለዚህ ዳቦ ቤቱን ማዘጋት ሳይሆን ጭሱን ማስተካከል ይጠይቁ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ስለሚነሣ ጭሱ ወደ እርስዎ ይመጣል፤ ሌሊትና ንጋት ላይ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይዞት ከታች ያሉት ይታፈናሉ። ከራሱ ጣራ በላይ የወጣ የጭስ ማውጫ በተዳፋት ላይ ከእርስዎ መስኮት ጋር እኩል ሊሆን ስለሚችል የሚለካው ከእርስዎ ጣራ አንጻር ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ትቶ የደረቀ እንጨት ማንደድም ጭሱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። እግረ መንገዴን፣ ኅዳር 12 ቆሻሻ ስናጥን ፌስታልና ፕላስቲክ አብረን ማቃጠላችን ከዳቦ ቤት ጭስ የከፋ መርዝ ስለሆነ፣ እኛም በየደጃችን ብንለየው ደግ ነው።

መጀመሪያ የሰፈር ሽማግሌ ይላኩ። ካልሆነ በአዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ አካል አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ቀኑ የሚቆጠረው በማስረጃ ስለሆነ አቤቱታውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ያስደርጉ፤ ጭሱ የገባበትን ቀንና ሰዓት ከፎቶ ጋር፣ የፕላኑንም ምደባ ከላይ ባልኩት የጽሑፍ መልስ አያይዘው ያስገቡ።