«ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ተብሎ ተወርቷል፤ ልጅቷ ግን ዝም ብላለች

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ18 ዓመት ልጃችን ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል። አንደኛው ኮሌጁንና ሕክምናውን በ8 ዓመት አያይዞ የሚያስጨርስ፣ የሜዲካል ስኩል ቦታዋን ከአሁኑ የሚይዝላት ፕሮግራም ነው። ሌላው የስቴታችን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ስኮላርሺፕ ሰጥቷታል። እሷ «ዩኒቨርሲቲው ይሻለኛል» አለች። አባቷ «እጅ የገባ ነገር አይጣልም» ብሎ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አውርቷል። አሁን አይነጋገሩም፤ መልእክት የማመላልሰው እኔ ነኝ። እስከ ሜይ 1 መወሰን አለብን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ አባቷ ምን እንደሚፈልጉ እርስዎ ጽፈውልናል፤ ልጅዎ የትኛውን ትምህርት ቤት እንደመረጠችም ነግረውናል። ሐኪም መሆን ትፈልግ እንደሆነ ግን ደብዳቤዎ ውስጥ የለም። ከሁሉ በፊት እሱን ይጠይቋት።

መኪና ውስጥ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ቢሆን ጥሩ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጦ ማውራት ዓይን ለዓይን ከመፋጠጥ ይቀላታል። «የትኛው ይሻላል?» አይበሏት። «ሕክምና የሚባል ትምህርት ባይኖር ኖሮ ምን ትማሪ ነበር?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝምም እርስዎ አይሙሉት። ሳታመነታ ሌላ ትምህርት ከጠራች አንድ ነገር ነው፤ «ሕክምናውን እወደዋለሁ፣ ግን ከአሁኑ መታሰር ፈራሁ» ካለች ሌላ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ፕሮግራሙ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል።

የአባቷ ፍርሃት መሠረት አለው። በተለመደው መንገድ የሚሄድ ተማሪ ኬሚስትሪውን፣ ባዮሎጂውን፣ ፊዚክሱን ጨርሶ ከ7 ሰዓት በላይ የሚፈጀውን፣ ውጤቱ ከ472 እስከ 528 የሚሰጠውን ኤምካት የሚባለውን የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና ይወስዳል። ከዚያም ያመለክታል፤ በአንድ ዓመት ከሚያመለክቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቦታ አያገኙም። አባት ይህን እያየ ዝም ይበል ማለት አይቻልም።

ሆኖም «ዋስትና» የሚለው ቃል የራሱ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። የቅበላ ደብዳቤውን ሦስታችሁም አብራችሁ አንብቡት። ቦታው እንዲጠበቅላት በየዓመቱ ስንት ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ያስፈልጋታል? ኤምካት ትፈተናለች ወይስ አትፈተንም? ከተፈተነች ዝቅተኛው ውጤት ስንት ነው? ሌላ ሜዲካል ስኩል ብታመለክት የተያዘላትን ቦታ ታጣለች? ሐሳቧን ብትቀይር ኮሌጁን በሌላ ዘርፍ መጨረስ ትችላለች? ፕሮግራሞቹ በጣም ይለያያሉ። የብራውን ዩኒቨርሲቲው የ8 ዓመት ሲሆን ኤምካት አይጠይቅም፤ በካንሳስ ሲቲ የሚገኘው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ደግሞ 6 ዓመት ነው። ደብዳቤው ያልመለሰውን ልጅቷ ራሷ በኢሜይል ትጠይቅ፤ መልሱ በጽሑፍ ይምጣላት።

ገንዘቡንም አብራችሁ አስሉ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። ቀሪው ከቤተሰብ ወይም ከግል አበዳሪ ይመጣል። ስለዚህ በኮሌጁ ዓመታት በስኮላርሺፕ የሚተርፈው ገንዘብ ለኋላው ትልቅ ስንቅ ነው።

ሥነ ልቦናዊውን ጎን ልጨምር። ጄምስ ማርሺያ የተባሉት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1966 ባቀረቡት ጥናት፣ አንዳንድ ወጣቶች አማራጭ ሳይፈትሹ የወላጆቻቸውን ምርጫ እንዳለ ተቀብለው እንደሚጸኑ አሳይተዋል። ከውጭ ሲታዩ የተረጋጉ ይመስላሉ። ችግሩ የመጀመሪያው ዝቅተኛ ውጤት ሲመጣ ነው፤ ውጤቱ የራሳቸው ብቻ ስላልሆነ ይደብቁታል። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ልጅ ኮሌጅ ከገባች በኋላ የትምህርት መረጃዋ የራሷ ነው፤ ወላጅ ስለጠየቀ ብቻ ኮሌጁ ውጤቷን የመንገር ግዴታ የለበትም። ስለዚህ አንዳንድ ቤተሰብ የሚሰማው ቦታው ከተሰረዘ በኋላ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ዛሬ «አልፈልግም» ለማለት የፈራች ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ «ወድቄያለሁ» ማለት ይከብዳታል።

ከዛሬ ጀምሮ መልእክት ማመላለሱን ይተዉት። ቅዳሜ ቡና አፍልተው ሁለቱን ያስቀምጧቸው። መጀመሪያ አባት የሚፈሩትን ይናገሩ። ልጅቷ ሳትከራከር የሰማችውን በራሷ አባባል ትድገመው፤ እሳቸው «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪሉ ድረስ። ከዚያ ተራው የእሷ ነው፤ አባትም እንዲሁ ይድገሙ። በዚያን ቀን ውሳኔ አይሰጥ። ድምፅ ከፍ ካለ በሁለተኛው ስኒ ላይ ይቁም፤ እሁድ ማታ ይቀጥላል።

ለቤተ ክርስቲያን ሰው የተወራውን የሚያስተካክሉት አባት ራሳቸው ናቸው፤ «ልጄ ገና አልወሰነችም» ቢሉ ይበቃል። «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ስልክ በተደወለ ቁጥር ልጅቷ ላይ ሸክም እየተጨመረ ነውና ይህ ለነገ አይደር።

ቀኑ ከጠበባችሁ ከሜይ 1 በፊት ልጅቷ ራሷ ለሁለቱም ቅበላ ቢሮዎች ጽፋ ተጨማሪ ጥቂት ቀናት ትጠይቅ። ሁሉም ባይፈቅዱም መጠየቁ አይጎዳትም። ጊዜ ለመግዛት ብላችሁ ግን ሁለቱም ጋ ዲፖዚት (የቦታ ማስያዣ ገንዘብ) አትክፈሉ፤ ከታወቀ ቅበላዋን ሊሰርዙባት ይችላሉ።