የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዝናብ አለ ተብሎ ጉዞ ይሰረዛል?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አዳማ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ስፔን ያለችውን እህቱን ከጠየቅን በኋላ መኪና ተከራይተን ሰሜኑን ልናይ አስበናል። በስድስት ቀን ከሳን ሴባስቲያን ተነስተን ቢልባኦን፣ ሳንታንደርን፣ ሳንቲያናን፣ ሂሆንንና ኦቪዬዶን አይተን ሳንቲያጎ ለመግባት ነው። እህቱ ግን «የዚያን ጊዜ ዝናቡ አይጣል ነው» አለችን። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ሁሉን ትተን ደቡብ፣ ሴቪያ እንሂድ ይላል። እኔ ደግሞ ፀሐይማ አዳማም ሞልቷል ባይ ነኝ። አስታርቁን።

መልስ፦ እህቴ፣ ሂዱ። ግን ከከተሞቹ ግማሹን ሰርዙ።

እህትየው ያለችው እውነት ነው። ከውቅያኖሱ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ የካንታብሪያን ተራሮች ሲያገኝ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ የያዘውንም እዚያው ባሕር ዳሩ ላይ ያራግፋል። አገሩ አረንጓዴ የሆነውም በዚሁ ነው። ብዙውን ጊዜ እንደኛ የሐምሌ ዶፍ ወርዶ የሚያባራ አይደለም፤ ካፊያ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ነፋስ ስላለ ከጃንጥላ ይልቅ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬትና ውኃ የማያስገባ ጫማ ያዙ።

እኔን ያሳሰበኝ የከተሞቹ ብዛት ነው። ጠቅላላ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከቢልባኦ ሳንታንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከአዳማ አዲስ አበባ በሉት። አውራ ጎዳናው እንደኛ የፍጥነት መንገድ 120 ይፈቅዳል፣ በዝናብ ግን በዚያ ፍጥነት አይነዳም። በየቀኑ ሻንጣ መሸከም፣ ማቆሚያ መፈለግ፣ ሲመሽ ሆቴል ማሰስ ሲጨመርበት፣ እርጥብ ልብስ ለብሰው መኪና ውስጥ የተቀመጡ ባልና ሚስት በማይረባ ነገር ይነካከሳሉ።

ስለዚህ ሳን ሴባስቲያንን ተዉት፤ ዋናው ውበቱ የባሕር ዳርቻው ስለሆነ ለፀሐይ ወቅት ይቆይ። አንድ ሌሊት ቢልባኦ እደሩ፤ በ1997 የተከፈተው የጉገንሃይም ሙዚየም ለዝናብ ቀን ይመቻል። ሁለት ሌሊት ሳንቲያና ዴል ማር። የድንጋይ ከተማ ናት፤ የጎብኚ መኪና ውስጥ ስለማይገባ ዳር አቁማችሁ በእግር ነው የምትዞሩት። አጠገቧ የአልታሚራ ዋሻ አለ። ዋናውን ዋሻ ለመጠበቅ ሲባል ሰው እንደልቡ አይገባበትም፤ በ2001 የተከፈተውን ቅጂ ግን ታያላችሁ፣ ጣሪያው ላይ የጥንት ሰዎች የሳሏቸው ጎሾች አሉ። ሰኞ ዝግ ነው። ከዚያ ሁለት ሌሊት ኦቪዬዶ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ለቤተ መንግሥት የተሠራ፣ ኋላ ቤተ ክርስቲያን የሆነ ሳንታ ማሪያ ዴል ናራንኮ የሚባል ሕንፃ አለ፤ እኔ ብጠየቅ ከጉገንሃይም አስበልጠዋለሁ። የመጨረሻው ሌሊት የሳንቲያጎ ይሁን።

ዝናቡ ካሰለቻችሁ ደግሞ ከኦቪዬዶ ተራራውን ተሻግራችሁ ሌዮን ውላችሁ መመለስ ትችላላችሁ፤ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደመናው ተራራው ላይ ስለሚቀር ብዙ ጊዜ ወዲያ ማዶ ደረቅ ነው። ባለቤትሽ ፀሐዩን በዚህ ያግኝ፤ ሴቪያ ከቢልባኦ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ናት፣ ራሷን የቻለ ጉዞ ትፈልጋለች።

ወደ ሳንቲያጎ ስትሄዱ ሞንዶኜዶ አካባቢ ያለው የኤ8 መንገድ በጉም ምክንያት ይዘጋል፣ ያውም ደጋግሞ። ጠዋት ሳትነሱ መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ከተዘጋ ወደ አሮጌው መንገድ ይመልሷችኋል፤ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ አምሽታችሁ ግን አትነሱ።

የምግብ ነገር። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልንገርሽ፦ ምሳ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ነው፣ እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ። በመሀል ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ብዙ ቤት ይዘጋል፤ ርቧችሁ ደግሞም በስብሳችሁ 11 ሰዓት ላይ እንዳትደርሱ፣ መኪናው ውስጥ ዳቦና ፍራፍሬ ይኑር። የአሳማ ሥጋ የማትበሉ ከሆነ የአስቱሪያስ የባቄላ ወጥ፣ ፋባዳ የሚሉት፣ በአሳማ ነው የሚሠራው። ምስር እንኳ ሲሆን «ሲን ሰርዶ» ብላችሁ አረጋግጡ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው።

የመንጃ ፈቃዱን ጉዳይ ዛሬውኑ ጀምሩት። አከራዩ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። መኪናውን ቢልባኦ ወስዶ ሳንቲያጎ መመለስም አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ ስንት እንደሆነ ሳትከፍሉ በጽሑፍ ይላኩላችሁ።