የጣና ዓሣ ዲኤንኤ ከ3 ዝርያ ጋር እኩል ሲገጥም

ምርመራው ተበላሽቶ ይሆን ብለህ ከሰጋህ፣ ውጤትህ አልተበላሸም። የጣናው ላቤዮባርበስ (ብዙ ዝርያ ያለው የዓሣ ወገን) ናሙናህ ዝርያ ለመለየት በሚነበበው ሲኦአይ ጂን ከ3 ዝርያ ጋር እኩል 99 ከመቶ የገጠመው ዝርያዎቹ የተለያዩት በቅርቡ ስለሆነ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ 15 ገደማ አሉ፣ ያቺ 650 የዲኤንኤ ፊደል የምታህል የጂኑ ቁራጭ ደግሞ ልዩነታቸውን አትይዝም። አምባዛና ቆሮሶ ቢሆኑ ባንዴ ትለያቸው ነበር።

ስለዚህ ዲኤንኤውን ድጋሚ ለማስነበብ ገንዘብህን አትጨርስ። የአፉን አቅጣጫ፣ የከንፈሩን ውፍረት፣ የጭንቅላቱን ርዝመት አይተህና ለክተህ በመልኩ ለየው። ካልተለየልህ «ላቤዮባርበስ፣ ዝርያው ያልታወቀ» ብለህ ጻፍ፣ ምንም ነውር የለውም።

አንድ ነገር አደራ! ዓሣውን ፎርማሊን (እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ኬሚካል) ውስጥ ከመክተትህ በፊት ከክንፉ ጥፍር የምታህል ቆርጠህ 95 ከመቶ ኢታኖል (አልኮል) ውስጥ አስቀምጥ፣ ገና እርጥብ ሳለም ፎቶ አንሳው። እኔ ቀድሜ ፎርማሊን ውስጥ ከትቼ የአንዱም ዲኤንኤ አልወጣልኝም።